ባሌ በግንቦት መጨረሻ፦ የዲንሾ አስጎብኚዎች፣ ፈረስ ጫኚዎችና አንድ የማይረባ የኪራይ ድንኳን

መጀመሪያ ፍርዴን ላስቀምጥ። የባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ባለበት ዲንሾ ያሉት የአካባቢው አስጎብኚዎችና ፈረስ ጫኚዎች የሰጡን አገልግሎት ከአምስት አምስት ይገባዋል። አዲስ አበባ ከአንድ የካምፒንግ ዕቃ አከራይ የወሰድነው ድንኳን ግን አንድም አይገባውም። የካምፖቹ መጸዳጃና ማብሰያ ቦታ ደግሞ ገና ብዙ ይቀረዋል። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። በግንቦት መጨረሻ ባሌ ተራሮች ልንሄድ ነው ስንል የጠየቅናቸው ሰዎች ሁሉ "ዝናብ ነው፣ ተዉት" አሉን እንጂ ምን ዓይነት ዝናብ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚመጣ፣ ምን ተይዞ እንደሚኬድ የነገረን አልነበረም።

ብዙ ሰው ባሌን የሚያውቀው በበጋ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሌሊቱ ግን ውሃ ያጋግራል። ከመጋቢት በኋላ ዝናቡ ይገባና ከፍታው ላይ እስከ ጥቅምት ድረስ ይቆያል። ግንቦት መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር ገና ፀደይ ነው፣ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው። ተራራው ላይ ግን ጠዋት በጋ ነው፣ ከሰዓት ክረምት ነው፣ ሌሊት ደግሞ ውርጭ። እኛ የከረምንበት ሳምንት ሁለት ቀን እንኳ አንድ ዓይነት ሆኖ አልዋለም።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ተራራው ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣውን እርጥብ አየር ገትሮ ይይዛል። ጠዋት ፀሐይ ሸለቆውን ስታሞቀው እርጥበቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ረፋዱ ላይ ነጭ ደመና ይሆናል፣ ከቀትር በኋላ ይጠቁርና ያወርደዋል። ማታ ሰማዩ ከተከፈተ ደግሞ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሁሉ ይለቀዋል። በዚህ ላይ ከፍታው አለ። 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ላይ ነው። ጎባ በስስ ሹራብ ቁጭ ብሎ ቡና የጠጣ ሰው ጫፉ ላይ ሲደርስ ከ10 ዲግሪ በላይ የቀዘቀዘ አየር ይጠብቀዋል፣ ያውም ንፋሱን ሳንቆጥር።

የስልኩን ትንበያ ነገር አንርሳ። ሁላችንም ስልካችን ላይ ጭነን ነበር የሄድነው። ሙሉ ሳምንቱን "ዝናብ" ይላል፣ በቃ። ስህተት አይደለም፣ ግን አይጠቅምም። ትንበያው ሰፊ አካባቢን እንደ አንድ ቦታ ቆጥሮ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ዳገቱንና ሜዳውን አይለይም። ከዲንሾ ትንሽ ራቅ ካላችሁ በኋላ ደግሞ ኔትወርኩም አብዛኛውን ጊዜ የለም። እና ሰማዩን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋችኋል። የምትከፍሉት በዋናነት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልግባ።

ዲንሾ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጋ ከፍለን፣ ደረሰኝ ተቀብለን፣ አስጎብኚያችንን ተዋወቅን። ወጣት ነው፣ ያደገው እዚያው ነው፣ አማርኛውም ኦሮምኛውም እንግሊዝኛውም ጥሩ ነው። ገና ሰላምታ እንደተለዋወጥን ያደረገው ነገር እስካሁን ይገርመኛል። "ዕቃችሁን ሁሉ ሳሩ ላይ ዘርግፉት" አለን። ዘረገፍን። አንድ በአንድ አየው። የጥጥ ካልሲ ይዛ የመጣችውን ጓደኛችንን ሱፍ እንድትገዛ ገበያ ላካት። የአንዱን ልጅ ጫማ ሶል ጎንበስ ብሎ አየና አጣጠፈው። ልብስ ሁሉ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ፌስታሉ ታስሮ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቦርሳ ውስጥ የሚገባው አለ። ከዚያ ድንኳኑን አንስቶ ስፌቱን በጣቱ ተከትሎ ሄደ። ውሃ እንዳያስገባ ከውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ የሚለጠፈው ቀጭን ፕላስቲክ ከግማሽ በላይ ተልጧል። ዝም አለ። ሄዶ ትልቅ ሰማያዊ ሸራና ገመድ ይዞ መጣና ፈረሱ ላይ አስጫነው። ለሸራው ተጨማሪ አልጠየቀንም።

እኔ በሙያ የተያዘ ሥራ ደስ ይለኛል፣ ይሄ ደግሞ እንደዚያ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው። ጽሕፈት ቤቱ አካባቢ ባለው ጥድና ኮሶ መሐል የደጋ አጋዘን፣ ኒያላ የምንለው፣ ሰው ሳይፈራ ይግጣል። ዐሥር ሳንቲም ላይ ያለው እሱ ነው። ጠዋት ፀሐይ ነበር፣ ጃኬት ሁሉ ወልቆ ወገብ ላይ ታሰረ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ካፊያ ጀመረ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆመ፣ እንደገና ፀሐይ ወጣች። እኛም "ይሄማ ምንም አይደል" አልን። አስጎብኚው ምንም አላለም። ማታ ግን "ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መንገድ እንጀምራለን" ብሎ ሄደ።

በነጋታው በወይብ ሸለቆ በኩል ወደ ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ ሄድን። እኔ ቁርሴን ቁጭ ብዬ ልብላ ስል "እህቴ፣ እዚህ አትብዪ፣ መንገድ ላይ ትበያለሽ፣ ሰዓቱ ነው የሚያስፈልገን" አለኝ። ልክ ነበረ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከኋላችን ያለው ሸንተረር በደመና ተሸፈነ። ነጎድጓድ ተሰማ። ብልጭ ሲል እየቆጠረ ነው የሚሄደው። በብልጭታውና በድምፁ መሐል ሦስት ሰከንድ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እና ቁጥሩ እያነሰ ሲመጣ ከገላጣው ሜዳ አስወጥቶ ዝቅ ወዳለ ቦታ ይዞን ወረደ። በረዶው የያዘን እዚያ ነው። የሽንብራ ፍሬ የሚያክል በረዶ፣ ከወጨፎ ጋር፣ ከጎን የሚመታ። ፈረሶቹ ጀርባቸውን ለንፋሱ ሰጥተው ጭንቅላታቸውን ደፉ። ፈረስ ጫኚው አባባ ብርድ ልብሳቸውን ከትከሻቸው አውርደው የምግቡን ጆንያ ሸፈኑበት።

ዝናቡ ጋብ ሲል የደረስንበት አካባቢ ትልቅ ታሪክ ያለው ነው። ፊንጫ ሀበራ ያለው የዋሻ መጠለያ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው የሰው ልጅ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እዚያ እየተመላለሰ ኖሯል። ያኔ የባሌ ከፍታ ላይ ግግር በረዶ ነበር። ሰዎቹ እዚያው አካባቢ የሚገኘውን ትልቁን ፍልፈል እያደኑ ጠብሰው ይበሉ ነበር፣ አጥንቱ ተገኝቷል። ይሄን ሁሉ የነገረን አስጎብኚው ነው። ከደረቴ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ጣቶቼ በቆፈን ደንዝዘው፣ እዚያ ድንጋይ ሥር ሆኜ ስሰማው ነገሩ ሌላ ስሜት ሰጠኝ። እኔ ሬይን ኮት ለብሼ ያልቻልኩትን ብርድ እነዚያ ሰዎች ችለውት ነበር። ባሌ ተራሮች በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዜናውን ሰምተን አልፈን ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ሄዶ ማየት ይሻላል።

ወደ ድንኳኑ ልምጣ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ንዴቴ አለ።

በሦስተኛው ሌሊት ገደማ ራፉ አካባቢ አደርን። ራፉ በድሮ እሳተ ገሞራ የተሠሩ የቆሙ ድንጋዮች ያሉበት የሚያምር ቦታ ነው። ሰማዩ ክፍት ስለነበር ሸራውን አልዘረጋነውም፣ ኮከቡ ይታይ ነበር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ዶፍ ወረደ። በጭንቅላት መብራት ሆኜ ውሃው እንዴት እንደሚገባ አየሁት። በዚፑ ስፌት በኩል ይገባል፣ ስፌቱን ይዞ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ጥጉ ላይ ሲደርስ ያብጥና ስሊፒንግ ባጉ ላይ ጠብ ይላል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እየተሠራ ነው። የላይኛው ልባስ ርሶ ረግቦ ከውስጠኛው ጋር ተጣብቋል፣ በነካችሁት ቦታ ሁሉ ያስገባል። የወለሉ ጥግ ላይ ደግሞ በብልሃት የተለጠፈ የድሮ ቀዳዳ አለ፣ ከላዩ የቆሻሻ ቀለም ተደርጎ እንዳይታይ የተደረገ። ይሄ ነው ያናደደኝ። ያረጀ ድንኳን ማከራየት ያለ ነው። ቀዳዳን ሸፍኖ "ውሃ በፍጹም አያስገባም" ብሎ ማከራየት ግን በሰው ጤና መጫወት ነው። 3,900 ሜትር ላይ በረጠበ ስሊፒንግ ባግ ማደር አደገኛ ነው። አንዷ ጓደኛችን እየተንቀጠቀጠች ቃል ማውጣት አቅቷት ነበር። አስጎብኚውና አባባ በዚያ ዶፍ ተነስተው ሸራውን ከላይ ወጠሩልን፣ ልጅቷን ወደ ራሳቸው ድንኳን ወስደው በደረቅ ጋቢ ጠቀለሏት፣ ሻይ በዝንጅብል አፍልተው አጠጧት። ነግቶ ፀሐይ እስክትወጣ አባባ አልተኙም።

ስንመለስ አከራዩ ጋ ሄድን። "ስትወስዱት ደህና ነበር" አለን። የተላጠውን ስፌት በፎቶ አሳየነው፣ መያዣችንን መልሶ ዝም አለ። ስለዚህ ለእናንተ የምለው፦ ድንኳን ስትከራዩ እዚያው ሱቁ ደጅ ተክላችሁ ባልዲ ውሃ ከላይ አፍሱበት። ካልፈቀደላችሁ ውጡ። የአካባቢው ሰዎች ድንኳን ካላቸው ከእነሱ ውሰዱ፣ ቢያረጅም ጉድለቱን በግልጽ ይነግሯችኋል።

የሳነቴው ቀን ለዚህ አገልግሎት ለምን አምስት እንደሰጠሁ ያስረዳል። ሳነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው፣ ዛፍ የለውም፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ብቻ እዚህም እዚያም ቆሟል። በደቡብ በኩል ሜዳው ቁልቁል ተሰብሮ ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ያን ቀን ቱሉ ዲምቱ ልንወጣ ነበር ዕቅዱ። ሰማዩ በእኛ ዓይን ደህና ነበር። አስጎብኚው ግን ከሐረና በኩል ጉሙ ገደሉን ተሻግሮ መውጣቱን አይቶ "ዛሬ አይሆንም" አለ። ገና ሁለት ሰዓት ተኩል እኮ ነው፣ አልን። "ጉሙ በዚህ ሰዓት ከወጣ ቀትር አይጠብቅም፣ ጫፉ ላይ መብረቅ ከያዘን መደበቂያ የለም" አለ። ተከራከርነው። ቃሉን አላጠፈም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ገንዘብ የሚከፍለው ደንበኛ ፊት "አይሆንም" የሚል ባለሙያ በብዙ ቦታ አላጋጠመኝም፣ ለዚህ በጣም አከብረዋለሁ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ጉሙ ደረሰ። ከፊቴ ያለው ፈረስ ጭራ አይታየኝም ነበር። ቀጥሎ በረዶው መጣ፣ ጫፉ ባለበት በኩል መብረቁ ተደጋገመ፣ እኛ ካምፕ ውስጥ ሸራ ሥር ቆሎ እየበላን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የነበረውን እንዴት ልንገራችሁ። ሜዳው ነጭ ሆኗል። የጅብራው ቅጠሎች መሐል በረዶው ተጠራቅሞ እንደ ሰሐን ይዞታል፣ ፀሐይ ሲነካው ከቅጠሉ ጫፍ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ሰማዩ አንድ ደመና የለውም። ቱሉ ዲምቱን ወጣን፣ ላዩ ድረስ የመኪና መንገድና የቴሌ አንቴና አለ፣ ዳገቱ ራሱ ያን ያህል አይከብድም፣ ትንፋሹ ነው የሚከብደው። ስንመለስ መሬቱ ሞቅ ማለት ሲጀምር ፍልፈሎቹ ከጉድጓዳቸው አንገታቸውን ማውጣት ጀመሩ። ቀይ ቀበሮው የመጣው ያኔ ነው። በሆዱ መሬት እየታከከ፣ ጆሮውን ወደፊት አቁሞ፣ አንድ እግር እያነሳ አንድ እግር እያሳረፈ። ዘሎ ሳተው። እንደገና ሞከረ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ብቻ ናቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ነው ያሉት። አስጎብኚያችን ቁጭ በሉ ብሎን እሱም ቁጭ አለ፣ ብዙ ሳያወራ ተወን። ይሄም ሙያ ነው።

ምግብ ላይ ቅሬታ አለኝ፣ ግን በሰዎቹ አይደለም። ካምፖቹ ላይ ከንፋስ የሚያስጠልል ማብሰያ ቦታ የለም ማለት ይቻላል፣ እኛ በሸራ ነው ያበሰልነው። መጸዳጃው ባለበት ቦታ ከዝናቡ በኋላ መግባት አይቻልም፣ በሌለበት ደግሞ የለም። ከእያንዳንዱ ጎብኚ ገንዘብ እየተሰበሰበ ይሄ እንዲህ መሆኑ ያሳዝናል፣ ቢያንስ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ልብስ ማድረቂያ ዳስ በየካምፑ ቢኖር በእርጥቡ ወራት የሚሄደው ሰው ቁጥር ይጨምር ነበር ብዬ አምናለሁ። ምስር አትያዙ። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ምስሩ ጋዝ ይጨርሳል እንጂ አይበስልም። ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ያዙ። አባባ ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ጭኮ ግን ከሁሉም በለጠ። ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ ነው የሚሠራው፣ እሳት አይፈልግም፣ ትንሽ ጎረስ አድርጋችሁ ግማሽ ቀን ትሄዳላችሁ። በጣም የበረደን ቀን ከአገልግላቸው ለሁላችንም ቆርሰው ሰጡን። ዲንሾ ላይ የሚሠራላችሁ ሰው እንዲያገናኛችሁ አስጎብኚውን አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ፈረስ ላይ አትሰስቱ። አንዳንዱ ሰው ወጪ ለመቀነስ ቦርሳውን ራሱ ተሸክሞ መሄድ ይፈልጋል። በበጋ ይቻል ይሆናል። በግንቦት ግን የረጠበ ድንኳን ከደረቁ በጣም ይከብዳል፣ ጭቃው ጫማችሁ ላይ ይለጠፋል፣ እና መብረቅ ሲመጣ በፍጥነት መውረድ አለባችሁ። ለፈረስ ጫኚዎቹ ጉርሻ የምትሰጡ ከሆነ በእጃቸው ስጡ። አባባ የነበራቸው ሬይን ኮት ሳይሆን የተቀደደ ላስቲክ ነበር፣ ስንለያይ አንዱ ልጅ የራሱን ጃኬት ሰጣቸው፣ ለብሰውት በሳቅ ፈረሳቸው ላይ ወጡ። የሚቀጥለው የሚሄድ ሰው ቤቱ የተቀመጠ ደህና የዝናብ ልብስ ካለው ይዞ ቢሄድ ጥሩ ነው፣ ለሰዎቹ የሥራ ልብሳቸው ነው።

ለማን ይሆናል? ቀኑን ሙሉ የሚራመድ፣ በሰዓት የሚነሳ፣ "ዛሬ አይሆንም" ሲባል የሚሰማ ሰው በግንቦት ቢሄድ አይቆጭም። ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ አበባው ብዙ ነው፣ ሌላ ቱሪስት አላየንም ማለት ይቻላል። ትንንሽ ልጆች ይዞ፣ ወይም አስም ያለበት ሰው ይዞ ካምፕ ማደር ግን በዚህ ወር አልመክርም። ለእነሱ ዲንሾ ጣሪያ ሥር አድሮ ጠዋት ጠዋት ኒያላውን ማየት ይበቃል።

አንድ የቀረኝ የመኪናው ነገር ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ ሳነቴን አቋርጦ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ በእግር መጥታችሁ እዚያ መኪና ማስጠበቅ ትችላላችሁ። ሾፌሩ ከቀትር በፊት እዚያ እንዲጠብቃችሁ ቅጠሩት፣ ስልክ ላይሠራ ስለሚችል ቦታውንና ሰዓቱን ከመነሳታችሁ በፊት ቁርጥ አድርጋችሁ ተስማሙ፣ የጉም መብራቱ እንደሚሠራም አብርቶ ያሳያችሁ። ወደ ሐረና መውረድ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከሳነቴ ወደ ሪራ መንደር የሚወርደው ቁልቁለት በጉም ጊዜ በጣም ስለሚያስቸግር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መንገድ ጀምሩ።